ጉቶውን የሚጠብቀው ማን ነው? ከመንግሥታት የድርድር ጠረጴዛ ውጪ ስላለው የአየር ንብረት ሥራ

የምድር ሙቀት መጨመር የአገር ድንበር የማያግደው ጉዳይ ቢሆንም፣ መፍትሔ የመፈለጉ ኃላፊነት በዋናነት የተሰጠው በድንበር ለተከለሉ መንግሥታት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በሪዮ ዴ ጄኔሮ ለፊርማ የቀረበው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ማዕቀፍ ስምምነት፣ በ1997 የጸደቀው የኪዮቶ ፕሮቶኮልና በ2015 የጸደቀው የፓሪስ ስምምነት ባለቤቶቻቸው መንግሥታት ናቸው፤ በድርድሩ አዳራሽ የአገሩን ስም የያዘ ሰሌዳ ፊቱ አስቀምጦ የሚናገረው፣ ቃል የሚገባውም ሆነ የገባውን ቃል የሚያጥፈው መንግሥት ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይሁንና ሙቀት አማቂ ጋዝ፣ ማለትም ሙቀትን በከባቢ አየር ውስጥ አፍኖ የሚይዘው ጋዝ፣ የሚወጣው ከከተማ አውቶቡስ፣ ከሲሚንቶ ምድጃ፣ ከቆሻሻ ክምርና ከተመነጠረ ተራራ ሲሆን፣ እነዚህን በየዕለቱ የሚያስተዳድሩት ከንቲባዎች፣ ኩባንያዎች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና የቀበሌ ነዋሪዎች ናቸው። ከሠላሳ ዓመታት ወዲህ እነዚህ ወገኖች ብሔራዊ መንግሥታቸውን ሳይጠብቁ፣ አንዳንዴም መንግሥታቸው እምቢ ባለበት ጊዜ ጭምር፣ በራሳቸው ዕቅድ አውጥተው፣ እርስ በርስ ውል ገብተውና ድንበር ተሻግረው ተደራጅተው መሥራት ይዘዋል፤ ምሁራን ከመንግሥታት ማዶ ያለ የአየር ንብረት አስተዳደር የሚሉትም ይህንኑ ደንብ የማውጣት፣ አፈጻጸሙን የመከታተልና ጥፋተኛን የመጠየቅ ሥራ ነው።

የዚህ እንቅስቃሴ ብዛት ብዙ ጊዜ ለስኬቱ ማስረጃ ተደርጎ ይቀርባል። በ2014 በሊማው የአየር ንብረት ጉባኤ ጊዜ የተከፈተው የተባበሩት መንግሥታት መዝገብ በሺዎች የሚቆጠሩ ከተሞች፣ ክልሎች፣ ኩባንያዎችና የገንዘብ ተቋማት የገቡትን ቃል አስፍሮ ይዟል። ነገር ግን የተመዘገበ ቃል ሁሉ እኩል ክብደት የለውም፤ ከእነዚህ መካከል አንዳንዱ ሃያ ዓመት ሲጸና፣ ሌላው የፖለቲካው ነፋስ አቅጣጫ በቀየረ በሳምንታት ውስጥ በንኗል። የጸናውን ከበነነው የሚለየው የመሥራቾቹ ዝና ወይም የገንዘቡ ብዛት ሳይሆን፣ ሥራውን የሚሠሩት ሰዎች በሚጠብቁት ነገር ላይ በሕግ የታወቀ መብት ያላቸው መሆኑ፣ ደንቡን ራሳቸው ማውጣታቸውና ቃሉ ሲታጠፍ የሚጠይቅ ወገን መኖሩ ነው። ይህ ልዩነት በሚገባ የሚታየው ደግሞ ከትልልቆቹ ጉባኤዎች ይልቅ በደቡብ ኢትዮጵያ በሚገኝ አንድ ተራራ ላይ ነው።

ወደ ተራራው ከመውጣት በፊት ግን፣ ለዚህ አስተሳሰብ መሠረት የጣሉትን የአሜሪካዊቷን የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር የኤሊኖር ኦስትሮምን ሥራ ማንሳት ተገቢ ነው። በ2009 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማትን ከኦሊቨር ዊልያምሰን ጋር የተጋሩትና ይህን ሽልማት በማግኘት የመጀመሪያዋ ሴት የሆኑት ኦስትሮም፣ የጋራ ግጦሽ፣ የጋራ ውኃና የጋራ ደን በመንግሥት ካልተያዙ ወይም ለግለሰብ ካልተሸጡ መጥፋታቸው አይቀርም የሚለውን፣ ጋሬት ሃርዲን በ1968 ያስተጋባውን እምነት በመስክ ጥናት ሞግተዋል። በስዊዘርላንድ የተራራ ግጦሾች፣ በኔፓል የመስኖ ቦዮችና በሌሎችም ስፍራዎች ባደረጉት ምርመራ፣ ተጠቃሚዎቹ ድንበሩን ለይተው የሚያውቁ፣ ደንቡን አብረው የሚያወጡ፣ ከመካከላቸው ጠባቂ የሚመርጡና ጥፋተኛውን እንደ ጥፋቱ ክብደት ደረጃ በደረጃ የሚቀጡ ከሆነ የጋራ ሀብት ለመቶ ዓመታት ሊጠበቅ እንደሚችል አሳዩ። በዚያው በሽልማቱ ዓመት ለዓለም ባንክ ባዘጋጁት ጽሑፍ ይህንኑ ወደ አየር ንብረት አምጥተው፣ ዓለም አቀፍ ስምምነት እስኪደረስ ድረስ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ስህተት መሆኑን፣ ከቤተሰብ እስከ ከተማ፣ ከከተማ እስከ አህጉር ያሉ ብዙ የውሳኔ ማዕከላት በየደረጃቸው ቢሠሩ እርስ በርስ እየተማሩና እየተማመኑ መሄድ እንደሚችሉ ተከራከሩ። ብዙ ማዕከል ያለው አስተዳደር የሚባለው አስተሳሰብ ይህ ነው፤ እሳቸው ግን የዋህ አልነበሩም፣ ሌላው በሠራው ተጠቅሞ ራሱ የማይሠራ ወገን እንደሚኖርና በአንድ ስፍራ የተከለከለው ጥፋት ወደ ሌላ ስፍራ ሊሸሽ እንደሚችል በዚያው ጽሑፍ አስጠንቅቀዋል።

ኦስትሮም በሩቅ አገር ያጠኑት ነገር ለመንዝ ሰው እንግዳ አይደለም። በሰሜን ሸዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተዘረጋው የጓሳ ሣር ምድር፣ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የአካባቢው ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል፤ በሥርዓቱ መሠረት በአባት ርስት የመጠቀም መብት ያላቸው ባላባቶች የሚመርጧቸው አለቆች ምድሩን ለተከታታይ ዓመታት ዘግተው ሣሩ ሲደርስ ብቻ እንዲከፈት ይወስናሉ፣ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው ጓሳ የሚታጨደውም ከብት የሚገባውም በተፈቀደው ጊዜ ብቻ ነበር። የ1975ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ሥርዓቱ የቆመበት መብት አብሮ ፈረሰ፤ ምድሩም ለሁሉ ክፍት ሆነ። ሚዛናዊ ለመሆን ያህል፣ ቄሮ ርስት የሌላቸውን ጎረቤቶች ከጥቅሙ ያገለለ ሥርዓት ስለነበር አዋጁ ለእነርሱ ፍትሕ ይዞ መጥቷል፤ ነገር ግን የቀድሞውን ጠባቂ ሲያነሳ በቦታው ሌላ ጠባቂ አላቆመም። ከዓመታት በኋላ በየቀበሌው ከሚመረጡ ሰዎች የተዋቀረ የማኅበረሰብ አደረጃጀት ጥበቃውን መልሶ ያዘ፣ የአማራ ክልልም ስፍራውን በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ቦታ አድርጎ በሕግ አወቀው። ዛሬ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት ይህ ምድር ዝናቡን እንደ ስፖንጅ መጥጦ ይዞ በበጋ ምንጮችን ይመግባል፤ ድርቅ በሚደጋገምበት ዘመን ከዚህ የሚበልጥ የመቋቋሚያ መንገድ በቀላሉ አይገኝም።

ከአባያ ሐይቅ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው የሁምቦ ወረዳ እንደ ጓሳ ያለ ለዘመናት የተጠበቀ ምድር አልነበረውም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የወረዳው ተራሮች ደናቸው ለማገዶ፣ ለከሰልና ለግጦሽ ሲመነጠር ለአሥርት ዓመታት ቆይቶ ራቁታቸውን ቀርተው ነበር፤ ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፉ የላይኛውን አፈር ጠርጎ ከታች ባሉት ማሳዎች ላይ ድንጋይና ደለል ይጥላል፣ ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ውኃው ወደ ምድር ሳይሰርግ ስላለፈ ምንጮቹ ቶሎ ይነጥፋሉ። ሆኖም ከአፈሩ በላይ የሞተ የሚመስለው ደን ከአፈሩ በታች በሕይወት ነበር፤ የተቆረጡት የአገር በቀል ዛፎች ጉቶዎች ሥራቸው ስላልሞተ በየዓመቱ ቀንበጥ ያወጣሉ፣ ቀንበጡ ግን ቁመት ሳያገኝ በፍየል ይበላል ወይም ለማገዶ ይለቀማል።

ይህን ከመሬት በታች ያለ ደን የማንቃት ዘዴ በዓለም ዘንድ እንዲታወቅ ያደረገው ቶኒ ሪናውዶ የተባለው አውስትራሊያዊ የግብርና ባለሙያ ሲሆን፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በኒጀር ማራዲ አካባቢ የተከላቸው ችግኞች አብዛኞቹ ሲደርቁበት በየሜዳው ያየው ቁጥቋጦ የተቆረጠ ዛፍ ጉቶ መሆኑን አስተዋለ፤ ከዚያ ወዲህ የኒጀር ገበሬዎች ዘዴውን አንዱ ከሌላው እየተማሩ በ5 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ መሬት ላይ ዛፍ መልሰዋል። ሪናውዶ በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው ወርልድ ቪዥን የተባለው የእርዳታ ድርጅት ዘዴውን ወደ ሁምቦ ያመጣው በ2000ዎቹ አጋማሽ ነበር። ሥራው ለተመልካች እጅግ ቀላል ይመስላል። ከአንድ ጉቶ ዙሪያ ከሚበቅሉት ብዙ ቀንበጦች መካከል ቀጥ ያሉትና ጠንካሮቹ ጥቂቶች ይመረጡና የቀሩት ይቆረጣሉ፤ የተመረጡት የጎን ቅርንጫፎቻቸው እየተገረዙ ወደ ላይ እንዲረዝሙ ይደረጋል፤ የተቆረጠው ለማገዶ ቤት ይገባል፤ ከብት ወደ ተከለለው ስፍራ አይገባም፣ ሣሩ ግን ታጭዶ በሸክም ወደ በረት ይወሰዳል። ሥሩ የቆየና ጥልቅ በመሆኑ ቀንበጡ አዲስ ከተተከለ ችግኝ ፈጥኖ ያድጋል፣ ወጪውም ከችግኝ ጣቢያ፣ ከማጓጓዝና ከጉድጓድ ቁፋሮ ወጪ ጋር አይነጻጸርም። ችግኝ የሚተከለው በአንድ ቀን ነው፤ ጉቶ ግን ዓመቱን ሙሉ ጠባቂ ይሻል፣ የዚህ ዘዴ አስቸጋሪ ክፍልም ቆረጣው ሳይሆን ይህ ጥበቃ ነው።

ጥበቃው ሊቆም የሚችለው የሚጠብቀው ሰው ፍሬውን እንደማይነጠቅ ሲያውቅ ነው። በመጀመሪያ ብዙዎቹ የሁምቦ ነዋሪዎች ሐሳቡን የተቀበሉት በጥርጣሬ ነበር፤ ተራራው ተከልሎ ደኑ ካገገመ በኋላ መንግሥት ወይም ድርጅቱ ይወስደዋል፣ ለከብቶቻቸውም መዋያ አይተርፋቸውም ብለው ሠጉ። ሥጋቱ ከታሪክ የመነጨ ስለነበር በስብከት ብቻ የሚወገድ አልነበረም። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ መሸጥ ባይቻልም፣ የመጠቀም መብት ግን በሕግ ሊሰጥ ይችላል፤ በዚህም መሠረት የአካባቢው ነዋሪዎች በሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው፣ 2,728 ሄክታር የሚሆነውን ተራራ የመጠበቅና የመጠቀም መብታቸው በምስክር ወረቀት እንዲረጋገጥላቸው ተደረገ፣ ማኅበራቱም መተዳደሪያ ደንብ አውጥተው ጠባቂዎቻቸውን መደቡ። ያ ወረቀት በሁምቦ ታሪክ ውስጥ ከማንኛውም ችግኝ የበለጠ ክብደት አለው።

ከዚህ በኋላ ተራራው ከዓለም አቀፉ የካርቦን ገበያ ጋር ተገናኘ። የኪዮቶ ፕሮቶኮል ንጹሕ የልማት ሥልት የሚባል መንገድ ከፍቶ ነበር፤ በዚህ ሥልት በታዳጊ አገር የሚካሄድ ፕሮጀክት ወደ አየር ይገባ የነበረን ጋዝ ካስቀረ ወይም ከአየር ስቦ ካስቀመጠ፣ ለእያንዳንዱ ቶን አንድ የምስክር ወረቀት፣ በገበያው ቋንቋ አንድ ክሬዲት፣ ይሰጠዋል፤ የበለጸጉ አገሮች ደግሞ ይህንን ገዝተው ከገቡት የቅነሳ ግዴታ ላይ ያካክሱበታል። የሁምቦ ፕሮጀክት በታኅሣሥ ወር 2009 በዚህ ሥልት ሲመዘገብ በአፍሪካ ከመጀመሪያዎቹ የደን ፕሮጀክቶች አንዱ ነበር። በ30 ዓመታት ውስጥ 880,000 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል ተብሎ ሲገመት፣ ከዚህ ውስጥ 165,000 ቶኑን የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድ ለመግዛት ተዋዋለ፤ የመጀመሪያዎቹ ክሬዲቶች የተሰጡትም በ2012 ነው።

የሥልቱ ደንቦች የተጻፉት ከሁምቦ በጣም ርቀው በተቀመጡ ሰዎች በመሆኑ ገበሬውን በብዙ አጥር አልፎ እንዲሄድ አስገድደውታል። ደኑ የሚታሰበው መሬቱ ከ1989 መጨረሻ ጀምሮ ደን ያልነበረበት መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ ነው፤ ያልተመነጠረ ደን ጠብቆ ያኖረ ማኅበረሰብ፣ ለምሳሌ በየደብሩ አጸድ ውስጥ አገር በቀል ዛፎችን ለመቶ ዓመታት ያቆየ ምእመን፣ በዚህ ስሌት ምንም አያገኝም። ደን ሊቃጠል ወይም ሊቆረጥ ይችላል በሚል ምክንያት ለደን የሚሰጠው ክሬዲት ጊዜያዊ ሆኖ፣ ዘመኑ ሲያበቃ በሌላ መተካት ስላለበት ዋጋው ከሌሎቹ ዝቅ አለ፤ በዘመኑ ትልቁ የካርቦን ገዢ የነበረው የአውሮፓ ኅብረት የልቀት ገበያም የደን ክሬዲትን ጨርሶ አልተቀበለም። ሌላው ኦስትሮም ያስጠነቀቁት የጉዳት ሽሽት ነው፤ አንድ ተራራ ሲከለል በዚያ ይግጡ የነበሩት ከብቶችና ከሰል አክሳዮች ወደ ጎረቤት ተራራ ከሄዱ አየሩ የተጠቀመው ነገር የለም፣ ስለዚህ ይህ ሽሽት ተገምቶ ከሂሳቡ መቀነስ ነበረበት። ይህኛው ጥያቄ ትክክል ነው፤ የቀሩት አጥሮች ግን ለተራራው ጠባቂ ሳይሆን ለገዢው ሂሳብ ምቾት የቆሙ ነበሩ።

ገንዘቡንም በትክክለኛ መጠኑ ማየት ያስፈልጋል። ውሉ በአሥር ዓመታት ውስጥ ለማኅበራቱ ከ700,000 ዶላር በላይ እንደሚያስገኝ ተነግሮለት ነበር፤ ይህ ለአንድ ቶን ከአራት ዶላር ጥቂት ከፍ የሚል፣ ለሰባቱ ማኅበራት ሲካፈል ደግሞ ለእያንዳንዱ በዓመት 10,000 ዶላር ያህል ማለት ነው። ከገቢው የእህል ወፍጮና የእህል ማከማቻ የመሰለ የጋራ ንብረት ቢገኝበትም፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦችን ከድህነት የሚያወጣ ገንዘብ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። የሁምቦ ሰው ደኑን የጠበቀው በዋናነት ለዶላሩ አይደለም፤ ሣሩ ለከብት፣ ግራዙ ለማገዶ፣ አበባው ለንብ፣ ጥላው ለምንጭ፣ ሥሩም አፈሩን ለመያዝ የሚሰጡት ጥቅም ገዢው ባይመጣም የማይቀር ነው። የካርቦን ውሉ ትልቁ አስተዋጽኦ፣ የመጠቀም መብቱ ተጽፎና ተለክቶ በሦስተኛ ወገን እንዲረጋገጥ ምክንያት መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ መዘንጋት የሌለበት፣ ከመንግሥት ማዶ የተባለው ይህ ሥራ ያለ መንግሥት የተሠራ አለመሆኑ ነው። ፕሮጀክቱ እንዲመዘገብ የኢትዮጵያ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን የፈቃድ ደብዳቤ መስጠት፣ ወረዳውም የመጠቀም መብቱን ማጽደቅ ነበረባቸው። ገዢው የዓለም ባንክ ያስተዳደረው ፈንድ፣ አደራጁ የእርዳታ ድርጅት፣ መስካሪው ገለልተኛ መርማሪ፣ ጠባቂው የገበሬዎች ማኅበር ሆኖ፣ ብሔራዊው መንግሥት ከብዙዎቹ ፈራሚዎች እንደ አንዱ የቆመበት አሠራር ነው። ከዚያ ወዲህ የተመሠረተው የኦሮሚያ የደን መርሐ ግብር ይህንኑ መንገድ ከተራራ ወደ ክልል አስፍቶ፣ በ2023 ከባዮካርቦን ፈንድ ጋር በተፈረመ ውል ለ4 ሚሊዮን ቶን ቅነሳ እስከ 40 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል ተስማምቷል፤ ስፋቱ በጨመረ መጠን ግን ገንዘቡ ጉቶውን እስከሚጠብቀው ሰው ድረስ መድረሱን መከታተል ይበልጥ ይከብዳል፣ የዚህ መርሐ ግብር ፈተናም እዚያ ላይ ነው።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነው ምሳሌ የገንዘብ ተቋማት ኅብረት ነው። በ2021 ጸደይ 43 ባንኮች የሚያበድሩት ገንዘብ የሚያስከትለውን ልቀት እስከ 2050 ድረስ ወደ ተጣራ ዜሮ ለማውረድ፣ ማለትም የሚወጣው ጋዝ ከሚወገደው እንዳይበልጥ ለማድረግ፣ ቃል ገብተው ኅብረት መሠረቱ፤ በዚያው ዓመት በግላስጎው ጉባኤ የባንኮችና የሌሎች የገንዘብ ተቋማት ጥምረት የ130 ትሪሊዮን ዶላር ንብረት ባለቤቶችን አሰባስቤአለሁ ሲል አዳራሹ በተስፋ ተሞላ። በ2024 መጨረሻና በ2025 መግቢያ መካከል ባሉት ጥቂት ሳምንታት ስድስቱ ትልልቅ የአሜሪካ ባንኮች አንዱ ከሌላው ተከታትለው ወጡ፣ በጥቅምት 2025ም የባንኮቹ ኅብረት ሥራውን አቆመ። ቃሉን የገቡት ባንኮች ከኅብረቱ በመውጣታቸው ያጡት ነገር አልነበረም፤ ቃሉ ታጠፈብኝ ብሎ ሊከስ የሚችል ባለመብትም አልነበረም። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ያቋቋሙት፣ በቀድሞዋ የካናዳ የአካባቢ ሚኒስትር በካትሪን ማኬና የተመራው የባለሙያዎች ቡድን በ2022 ባወጣው ዘገባ፣ ከነዳጅ ምርት ማስፋፋት ጋር አብሮ የሚሄድ የተጣራ ዜሮ ቃል ሊኖር እንደማይገባና የፈቃደኝነት ቃል በሂደት ወደ አስገዳጅ ሕግ መለወጥ እንዳለበት አሳስቦ ነበር፤ ማሳሰቢያው ትክክል እንደነበረ ለማረጋገጥ ሦስት ዓመት ብቻ በቅቷል።

ከተሞች በእነዚህ በሁለቱ ጫፎች መካከል ይገኛሉ። ታኅሣሥ 4 ቀን 2015፣ መንግሥታት በሌ ቡርዤ አዳራሽ ስለ ፓሪስ ስምምነት ቃላት ሲከራከሩ፣ በፓሪስ ማዘጋጃ ቤት ደግሞ ከንቲባ አን ኢዳልጎና የቀድሞው የኒው ዮርክ ከንቲባ ማይክል ብሉምበርግ ከየአህጉሩ የመጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ከንቲባዎችን ሰብስበው ነበር። ከንቲባዎቹ ባዶ እጃቸውን አልመጡም፤ ኢክሌይ የተባለው የአካባቢ መንግሥታት ማኅበር በ1990፣ ሲ40 የተባለው የታላላቅ ከተሞች ኅብረት ደግሞ በ2005 በለንደኑ ከንቲባ በኬን ሊቪንግስተን ጠሪነት ተመሥርተው፣ ስለ አውቶቡስ፣ ስለ ሕንፃና ስለ ቆሻሻ አያያዝ ልምድ ሲለዋወጡ ቆይተዋል። አዲስ አበባም የሲ40 አባል ናት፤ አባልነቱም የሚጸናው መዋጮ በመክፈል ሳይሆን የተጠየቀውን ሥራ በመፈጸም ነው።

ከተማ ከከተማ የሚማረው ነገር ምን እንደሚመስል ቆሼ ያሳያል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆሻሻ ሲከመርበት የኖረው የቆሼ ክምር ተንዶ ከሥሩ በነበሩት ጎጆዎች ላይ ሲወርድ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ፤ አብዛኞቹም ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ከዚህ አሰቃቂ አደጋ በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ መርሐ ግብር በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ክምሩን ለማረጋጋት የተጠቀመበት ዘዴ የመጣው ከአንዲት የጃፓን ከተማ፣ ከፉኩኦካ፣ ነበር፤ ከተማዋና በስሟ የሚጠራው ዩኒቨርሲቲ በ1970ዎቹ ያዳበሩት ይህ ዘዴ ውድ መሣሪያ አያሻውም። በክምሩ ውስጥና ከሥሩ ቀዳዳ ያላቸው ቱቦዎች ይዘረጋሉ፤ የቆሻሻው ፈሳሽ በቱቦዎቹ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ፈሳሹ በወጣበት መንገድ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። አየር ያላገኘ ቆሻሻ ሲበሰብስ ሚቴን የተባለውን ጋዝ ያመነጫል፤ ሚቴን በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 እጥፍ በላይ ሙቀት አማቂ ስለሆነ፣ አየር ሲያገኝ የሚቀንሰው የሚቴን መጠን ለአየር ንብረት ጥቅም ሲሆን፣ ፈሳሹ መውጣቱና ቁልቁለቱ መስተካከሉ ደግሞ ክምሩ ዳግመኛ እንዳይናድ ይረዳል። ለቆሼ ነዋሪ የሚቀድመው ሁለተኛው ጥቅም ነው፤ የአየር ንብረት ሥራ ሥር የሚሰድደውም እንዲህ ከሰው የዕለት ደኅንነት ጋር ሲተሳሰር ነው።

የከተማ ቃል ግን ወሰን አለው። ሰኔ 1 ቀን 2017 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ አገራቸው ከፓሪስ ስምምነት እንደምትወጣ ሲያስታውቁ የተመረጡት የፒትስበርግን ሕዝብ ለመወከል መሆኑን ተናገሩ፤ የፒትስበርግ ከንቲባ ቢል ፔዱቶ በዚያው ዕለት ከተማቸው የስምምነቱን ዓላማ እንደምትከተል አሳወቁ፣ የካሊፎርኒያ፣ የኒው ዮርክና የዋሽንግተን አገረ ገዢዎችም የግዛቶች የአየር ንብረት ጥምረትን መሠረቱ። በሰሜን ምሥራቅ ያሉ ግዛቶች ከ2009 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎቻቸው በጋራ የሚለቁትን ጋዝ በሕግ ወስነው፣ የመልቀቂያ ፈቃዱን በጨረታ እየሸጡ ገቢውን ለኃይል ቁጠባ አውለዋል፤ ይህ ብሔራዊ ሕግ ሳይኖር በተግባር የዋለ አስገዳጅ ደንብ በመሆኑ ከብዙ መግለጫዎች ይበልጣል። ፒትስበርግ የምትገኝበት የፔንሲልቬንያ ግዛት ግን በፍርድ ቤት ክርክር ከተያዘ ከዓመታት በኋላ፣ በ2025 መጨረሻ በበጀት ስምምነት ከዚህ አሠራር ወጥቷል፤ ከተማይቱ ቃሏን ብትጠብቅም መብራቷን የሚያመነጨው ጣቢያ በእርሷ ሥልጣን ሥር አይደለም።

መንግሥት ቃሉን ሲያጥፍ የሚጠይቀው ወገን ማን ነው ለሚለው ጥያቄ ዜጎች በፍርድ ቤት መልስ መፈለግ ጀምረዋል። በኔዘርላንድ ኡርጌንዳ የተባለ ማኅበር ከ900 ገደማ ዜጎች ጋር ሆኖ መንግሥቱን ከሰሰ፤ የሄግ ፍርድ ቤት ሰኔ 24 ቀን 2015 መንግሥቱ በ2020 መጨረሻ ልቀቱን ከ1990 መጠን ቢያንስ 25 በመቶ እንዲቀንስ ፈረደ፣ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በታኅሣሥ 2019 ይህንኑ አጸና። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ውሳኔውን የመሠረተው በሕይወት የመኖር መብትን ጨምሮ በአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ስምምነት ላይ ስለነበር፣ የአየር ንብረት ጉዳይ ከመንግሥት መልካም ፈቃድ ወጥቶ የዜጋ መብት ሆነ። በ2024 የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ለስዊዘርላንድ አረጋውያን ሴቶች ማኅበር ፈረደ፤ በደቡብ ፓሲፊክ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪዎች በ2019 የጀመሩት ዘመቻ ደግሞ በቫኑአቱ መንግሥት በኩል አድርጎ፣ የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በሐምሌ 2025 መንግሥታት የአየር ንብረትን የመጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ እንዳለባቸው አስተያየት እንዲሰጥ አድርጓል። ተማሪዎቹ በራሳቸው ስም ወደዚያ ፍርድ ቤት መግባት አይችሉም ነበር፤ በር የከፈተላቸው መንግሥት ያስፈልጋቸው ነበር።

ይህ የበር ጉዳይ አሁን ለኢትዮጵያ ቅርብ ሆኗል። በመስከረም 2025 ሁለተኛውን የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ ያስተናገደችው አዲስ አበባ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር በብራዚሏ ቤሌም በተደረሰው ውሳኔ መሠረት በ2027 የአየር ንብረት ለውጥ ማዕቀፍ ስምምነቱን አባል አገሮች 32ኛ ጉባኤ ታስተናግዳለች። በእነዚህ ጉባኤዎች መንግሥት ያልሆኑ ወገኖች ታዛቢ ተብለው፣ አርሶ አደሮች፣ የአካባቢ መንግሥታት፣ ሴቶች፣ ወጣቶች፣ ሠራተኛ ማኅበራትና ሌሎችም በዘጠኝ ዘርፎች ተመድበው ይገባሉ፤ ድምፅ የላቸውም፣ የመናገር ዕድል የሚያገኙትም ጊዜ በተረፈ መጠን ለጥቂት ደቂቃ ነው። ታዛቢ ለመሆን የሚያመለክት ድርጅት ለትርፍ ያልተቋቋመ መሆኑን በሰነድ ማስረዳት ስለሚኖርበት፣ ለአባላቶቻቸው ገቢ የሚያስገኙት የሁምቦ ማኅበራት በራሳቸው ስም ለማመልከት ሲሹ የሚገጥማቸው የመጀመሪያው አጥር ይህ ነው። አባል አገር ግን የልዑካኑን ዝርዝር የሚያወጣው ራሱ በመሆኑ፣ ኢትዮጵያ ደን ጠባቂዎቿን በስሟ ሰሌዳ ኋላ ለማስቀመጥ የማንንም ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልጋትም፤ ሰባቱም የሁምቦ ማኅበራትና የጓሳ ምድር ጠባቂዎች ተወካዮቻቸውን የሚመርጡበት ደንብ አላቸው።